ሪባኑ ያልተቆረጠበት ዋንዛ

ኅዳር በገባ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ቦንጋ ከተማ ውስጥ የአንድ የሥነ ጥበብ ሥራ ምረቃ ተቋረጠ። ያቋረጡት ንቦች ናቸው። የሞተ ሰው የለም። የተነደፉት ሁሉ ሰኞ ጠዋት በየቢሯቸው ተገኝተዋል፤ አንዳንዶቹ ዐይናቸው አብጦ።

ይህን ያህሉን ዘግቤዋለሁ። የቀረው ለዜና የሚሆን ስላልሆነ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። የአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ዘጋቢ ሆኜ ወደ ካፋ ስላክ ለስድስት ወር ነው ተብዬ ነበር፤ ስድስቱ ወር ዐሥር ዓመት አለፈው። የሥራዬ ግማሽ ምረቃ ነው። የውኃ ቦኖ ሲመረቅ፣ የገበያ ሼድ ሲመረቅ፣ ቀድሞ የተመረቀው ሼድ ታድሶ እንደገና ሲመረቅ እገኛለሁ። አንድ ክረምት በጭቃ ደካ እስከሚባል ቦታ ሄጄ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ምረቃ ተካፍያለሁ። ንግግሩ ረዥም ነበር። መጨረሻ ላይ የበሩ ቁልፍ ስላልተገኘ መጸዳጃ ቤቱ እንደተቆለፈ ተመረቀ። ያንንም ዘግቤዋለሁ።

በዚያ ኅዳር ወደ አዲስ አበባ መዛወሬ ተፈቅዶልኝ ነበር። ዕቃዬን በካርቶን አሽጌ ጨርሻለሁ። የቅዳሜው ምረቃ የቦንጋ የመጨረሻ ሥራዬ ነበር።

የሚመረቀው የትዕግሥት ሥራ ነው። ትዕግሥት የሱቅ ታፔላና የባጃጅ ጀርባ ላይ ጥቅስ የምትጽፍ ወጣት ሠዓሊ ናት። ከአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ በር ላይ አንድ ትልቅ የዋንዛ ዛፍ አለ፤ ወደ ዋጫና ወደ ሺሺንዳ የሚሄድ ሰው መኪና የሚጠብቀው እርሱ ሥር ነው። መሥሪያ ቤቱ በግቢው ውስጥ ሁለገብ አዳራሽ ሊሠራ አቀደ። አዳራሹ መኪና ማቆሚያ ያስፈልገዋል። መኪና ማቆሚያው ዋንዛው የቆመበት ቦታ ላይ ወደቀ።

ትዕግሥት የሰፈር ሰው አስከትላ አቤት ብላ ነበር። የተሰጣት መልስ፣ «ሐሳባችሁን በአዎንታ ተመልክተነዋል» የሚል ነው። ቦንጋ ውስጥ ይህን መልስ የሰማ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ይገባል። እርሷ አልገባችም። ለትንንሽ ማኅበረሰቦች የፈጠራ ሥራ ትንሽ ትንሽ ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ መኖሩን ሰማችና ሐሳቧን ላከች። ሐሳቡ ይህ ነው፤ ዘጠኝ ባህላዊ ቀፎ ይሠራል፣ በየቀፎው ላይ ዋንዛው ሥር የሆነ አንድ እውነተኛ ነገር ይሳላል፣ ቀፎዎቹ ዛፉ ላይ ይሰቀላሉ።

ድርጅቱ ወደደው። የሚገርመው መሥሪያ ቤቱም ወደደው። ወጪ የለበትም፣ ፎቶ ይነሣል፣ በዓመቱ ሪፖርት ላይም «ባህልና ተፈጥሮ» በሚለው ርዕስ ሥር የሚገባ ነገር ይገኛል። ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር። ሥራው በይፋ ከተመረቀ በኋላ ዛፉ ይቆረጣል። እኔ እስከማውቀው ድረስ ሙሾ የሚወርደው ከሞት በኋላ ነው። እዚህ ግን ሟቹ ቆሞ እያዳመጠ፣ አልቃሾቹ ደግሞ በድጋፍ ተቀጥረው ነበር።

«ለምን ተስማማሽ?» ብዬ ጠይቄያታለሁ።

«ሥዕሎቹን ያየ ሰው አይቆርጠውም ብዬ ነው፣ እትዬ ሰናይት» አለችኝ። «አቶ አድማሱ ሰው ፊት ቆመው ቀና ብለው ካዩአቸው ያፍራሉ።»

አቶ አድማሱ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። በዐሥር ዓመት ውስጥ ሲያፍሩ አይቻቸው አላውቅም፤ ይህን ግን አልነገርኳትም።

ዐርብ ከሰዓት በኋላ ዝግጅቱን ለማየት ሄድኩ። ቀፎዎቹ ከተሰቀሉ ሳምንታት አልፈዋል። ያማሩ ነበሩ። አንደኛው ላይ ዝናብ ያስጠለላቸው ሴቶች ከነፍየሎቻቸው ተሥለዋል። ሁለተኛው ላይ በድንበር የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች ሲታረቁ ይታያል። ሦስተኛው ላይ መኪናዋ በመበላሸቱ ሠርጓ ዋንዛው ሥር የተበላ ሙሽራ አለች።

ቀፎ ሠሪው ጋሽ ኮቺቶ ይባላሉ። ከሺሺንዳ አካባቢ የመጡ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ፣ ራሳቸውን ማመስገን የማይሰለቻቸው ሽማግሌ ናቸው። አንድ ትርፍ ቀፎ መሬት ላይ አስቀምጠው ለመጣ ለሄደው ያሳያሉ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። የወይራ ጭስ ሸተተኝ፤ ውስጡም ንብ የሚስብ ሰፈፍ ተቀብቷል።

«ጋሽ ኮቺቶ፣ ይህ ቀፎ ታጥኗል?»

«ታዲያስ።»

«ለሥዕል ነው፣ ባዶውን የሚሰቀል ነው አልተባለም?»

«ባዶ ነው። ጭንቅላትሽን አስገብተሽ እዪ።»

«ባዶ ከሆነ ለምን አጠኑት?»

እንደ ሞኝ አዩኝ። «የላይኞቹንም አጥኛለሁ፣ ዘጠኙንም። የኮቺቶ ቀፎ ይህን ያህል ጊዜ ተሰቅሎ ንብ ናቀው ቢባል በየትኛው ገበያ እቆማለሁ? አንቺ ዜናሽን ጽፈሽ ነጥብ ሳታደርጊበት ትልኪያለሽ?»

«አልልክም።»

«እኔም አልሰቅልም።»

ይህን ለትዕግሥት ነገርኳት። ሳቀች። «ንብ ከተማ ውስጥ ምን ትሠራለች ብለው ነው፣ እትዬ?» አለች። ሁለታችንም እዚያው ተውነው።

ከዚያ ናትናኤል ደረሰ። ናትናኤል የድርጅቱ አስተባባሪ ነው፤ ከአዲስ አበባ በመኪና ሲመጣ ቆይቶ ደክሞት ነበር፤ ትሑት ልጅ ነው፤ ነገር ግን ባነር ይዞ መጣ። ባነሩ ሲዘረጋ ዛፉን ከግራ ቅርንጫፍ እስከ ቀኝ ቅርንጫፍ ሸፈነው። «ተፈጥሮን በጥበብ እንጠብቅ» ይላል፤ ከሥሩ የድርጅቱ ዓርማ፣ የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ፣ የሦስት ሌሎች አካላት ዓርማ አለ። ሦስቱ ምን እንዳደረጉ ጠይቄ የሚያውቅ አላገኘሁም።

«ናቲ፣ ቀፎዎቹ አይታዩም እኮ» አለች ትዕግሥት።

«አይዞሽ ቲጂ፣ ባነሩ ላይ ፎቷቸው አለ።»

«ቀፎዎቹ ራሳቸው ከኋላው አሉ።»

«ገባኝ። ግን ቪዚቢሊቲ የሚባል ነገር አለ። ለጋሾቹ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።»

ትዕግሥት ወደ እኔ ዞረች። እኔ ዘጋቢ ነኝ፤ ባነር ማውረድ ሥራዬ አይደለም። ባነሩ እንደታሰረ አደረ።

ቅዳሜ ጠዋት ድንኳን ተተክሏል፤ ወንበር ተደርድሯል፤ ጄነሬተሩ ይጮኻል። ከዋንዛው ግንድ እስከ ግቢው በር ቀይ ሪባን ተወጥሯል፤ መቀሱ ጨርቅ በለበሰ ትሪ ላይ ተቀምጧል። ከእንግዶቹ መካከል አንድ የማላውቀው ወፍራም ሰው ነበር። ማን እንደሆነ ጠየቅኩት። የሞተር መጋዝ ባለቤት ነው፣ ከጅማ ነው የመጣው፣ ዛፉን የሚጥለው ሰኞ ነው። እስከዚያው ቦዝኖ ከሚውል ምረቃውን ይካፈል ተብሎ ፊተኛው ረድፍ ላይ አስቀምጠውታል። የታሸገ ውኃም ተሰጥቶታል።

ናትናኤል ተናገረ። «ኮሙኒቲ»፣ «ኢምፓክት»፣ «ሰስተይነብል» አለ። ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ለሌላዋ በአገሬው ቋንቋ በካፊኖኖ ስትተረጉም ሰማሁ፤ ጓደኛዋ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች። ምን ብላ እንደተረጎመችው ሁለቱም ሊነግሩኝ አልፈለጉም።

ቀጥሎ አቶ አድማሱ ተነሡ። ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል። ጽሑፋቸውን አወጡና አነበቡ።

«ይህ ዋንዛ የማንነታችን አሻራ፣ የአብሮነታችን ጥላ፣ ከአባቶቻችን የተረከብነው ሕያው ቅርስ ነው» አሉ። ተጨበጨበ። «በመሆኑም ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ለልማት ሲባል ቦታውን ይለቃል።» በዚያው እጅ፣ በዚያው ፍጥነት ተጨበጨበ። መጋዝ ያለው ሰውም አጨበጨበ። ትዕግሥት ግን ባነሩን እያየች ቆማለች። አቶ አድማሱ ቀና ብለው ነበር፤ ያዩት አምስት ዓርማ ነው።

መቀሱን አነሡ። ናትናኤል ካሜራውን አስተካከለ።

መጀመሪያ ጄነሬተሩ የባሰበት መሰለኝ። ከዚያ ድምፁ ከጄነሬተሩ በተቃራኒ በኩል እንደሚመጣ ልብ አልኩ። ከጫካው በኩል፣ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ፣ ጢስ የመሰለ ነገር እየተጠቀለለ መጣና በቀጥታ ወደ ዋንዛው ገባ። ወደ ቀፎዎቹ ለመግባት ሞከረ፤ ባነሩ መንገዱን ዘጋው። የንብ መንጋ አምስት ዓርማ አያነብም። ባነሩን እየመታ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ።

የመድረክ መሪው፣ «ክቡራን እንግዶቻችን፣ በተረጋጋ መንፈስ…» ብሎ ማይኩን ጣለ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት የወንበር ድምፅ ነው። ክቡራኑ መንገዱን ተሻገሩ። መጀመሪያ የተሻገረው የመጋዙ ባለቤት ነው። ናትናኤል መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዘጋ።

እኔ አልሮጥኩም። ጀግንነት አይደለም፤ ጉልበቴ ያመኛል። አንገቴ ላይ ተነደፍኩ፣ እጄም ላይ፤ ባለሁበት ቆምኩ። ሌሎችም ያልሮጡ እንዳሉ ያየሁት ያኔ ነው። ጋሽ ኮቺቶ ግንዱ አጠገብ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ትዕግሥት ነጠላዋን ተከናንባ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላለች። አቶ አድማሱም አልሮጡም። ሱፋቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ መቀሱን እንደያዙ፣ ልጅ ሳለ የተማረውን እንደማይረሳ ሰው ፀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«አንተ» አሏቸው ጋሽ ኮቺቶ። ኃላፊውን በዚያ ግቢ ውስጥ አንተ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። «መቀሱን አቀብለኝ።»

«ለምን?»

«ይህን መጋረጃ ላውርደው። ቤታቸውን ዘግተህባቸው አይነድፉህም ወይ?»

አቶ አድማሱ ሪባኑን አዩ፣ ንቡን አዩ፤ መቀሱን አቀበሉ። ጋሽ ኮቺቶ ቀስ ብለው ተራመዱ፤ አንዱን ገመድ ቆረጡ፣ ከዚያ ሌላውን። ባነሩ ወደቀ። ዘጠኙ ቀፎ ታየ።

ከመንገዱ ማዶ ጫጫታው ረገበ። የሮጠው ሰው ሁሉ ቆሞ ወደ ላይ እያየ ነበር። አንዲት ሴት፣ «ያቺ የእነ አልማዝ ልጅ አይደለችም፣ ዝናብ ያበላሸው ሠርግ?» አለች። ሌላዋ፣ «መኪናው ነው እንጂ የተበላሸው ዝናብ መቼ ነበር» ብላ አረመቻት። መንጋው ሦስተኛው ቀፎ ላይ፣ ሙሽራዋ ፊት ላይ ረጋ። ከዚያ በቀፎው አፍ መግባት ጀመረ።

አቶ አድማሱ ሱፋቸውን ከራሳቸው ላይ ሳያወርዱ፣ «አውራዋ ንብ ገባች?» ብለው ጠየቁ።

«ገባች» አሉ ጋሽ ኮቺቶ።

«አይተሃታል?»

«እኔ ዐይኔ ደክሟል። ያቺ ጋዜጠኛ አይታለች።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ንቦቹ ሲገቡ አይቻለሁ» አልኩ። «አውራዋን ለይቼ አላውቃትም።»

ጋሽ ኮቺቶ፣ «ሌሎቹ ከገቡ ገብታለች» አሉ። «ያለ እርሷ ማን ይገባል? እንደ እናንተ ስብሰባ አይደለም።»

አቶ አድማሱ ቀና ብለው ቀፎውን አዩ። የተናገሩት ለማንም አልነበረም። «አባቴ ጌሻ ውስጥ ንብ አርቢ ነበር። ንብ የገባበት ዛፍ ላይ መጥረቢያ ያነሣ ሰው በእኛ ቀበሌ ሚስት አያገኝም።»

«አንተ አግብተሃል» አሉ ጋሽ ኮቺቶ። «ምን ቸገረህ?»

«ያላገቡ ልጆች አሉኝ።»

ትዕግሥት ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። «አቶ አድማሱ፣ ሰኞ ይቆረጣል?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ለበላይ ምን ብዬ ነው የምጽፈው? ንብ ገባ ብዬ? ጨረታ ወጥቶ፣ መጋዝ መጥቶ፣ ንብ ገባ ብዬ?»

የመኪናው መስኮት ጣት በሚያስገባ ስፋት ተከፈተና የናትናኤል ድምፅ መጣ።

«ጋሽ አድማሱ፣ ሪባኗን ብቻ። አንድ ፎቶ። ካልተመረቀ ሪፖርቱን መዝጋት አልችልም።»

«ሳትዘጋው ቆይ» አለች ትዕግሥት።

«ቲጂ፣ የሚቀጥለው ድጋፍ እኮ…»

«ይቅር፣ ናቲ።»

አቶ አድማሱ ግን ከናትናኤል ንግግር ውስጥ አንድ ነገር ይዘው ቀርተዋል። ቀስ ብለው ተነሡ፤ ሱፋቸውን ለበሱ፤ ወደ እኔ መጡ። ቅንድባቸው ላይ ተነድፈው አንድ ዐይናቸው ሊዘጋ ምንም አልቀረውም።

«ወይዘሮ ሰናይት፣ ሪባኑ ተቆርጧል?»

«አልተቆረጠም።»

«በምን ያውቃሉ?»

«እያየሁት ነው።»

«ስለዚህ ሥራው አልተመረቀም።»

«አልተመረቀም።»

«በዜናዎም እንዲሁ ነው የሚሉት?»

«ያየሁት እርሱን ነው።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ድምፃቸው ወደ ቢሮ ድምፅ ተመለሰ። «እንግዲህ ዛፉ የሚቆረጠው ከምረቃው በኋላ ነው። ያልተመረቀ ፕሮጀክት ደግሞ በሂደት ላይ ነው።»

«በሂደት ላይ» የሚለውን ቃል ከእኒህ ሰው አፍ ስለ መንገድ ሰምቻለሁ፤ ስለ ውኃ፣ ስለ መብራት፣ ቁልፉ ስለጠፋው መጸዳጃ ቤትም ሰምቻለሁ። ሰምቼ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከመንገዱ ማዶ የመጋዙ ባለቤት፣ «ሰኞ ልምጣ?» ብሎ ጠየቀ።

«ስንመርቅ እንጠራሃለን» አሉት አቶ አድማሱ።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። ከሰዓት በኋላ የመሥሪያ ቤቱ የፌስቡክ ገጽ «ሥራው በድምቀት ተመረቀ» ብሎ አወጣ። ጽሑፉ የተዘጋጀው ዐርብ ነው፤ ፎቶው የባነሩ ነው። የጣቢያዬ አርታኢ ደወለ።

«አንቺ ተቋረጠ ትያለሽ፣ እነሱ ተመረቀ ይላሉ። ማንን ልመን?»

«ሪባኑን ሄደህ እየው።»

«እኔ አዲስ አበባ ነኝ።»

«እንግዲያውስ እኔን እመን።»

ማታ ዜናው እኔ እንደጻፍኩት ተነበበ። ሰኞ የበላይ አካል አቶ አድማሱን ጠርቶ፣ ተመርቋል ተብሎ ዛፉ ለምን እንደቆመ ጠየቃቸው። አለመመረቁ በሬዲዮ ተነግሯል ብለው መለሱ። የፌስቡኩ ጽሑፍ በዚያው ቀን ከገጹ ወረደ። ይህን ከአንድ የስብሰባው ተሳታፊ ሰምቼ ከሌላ አረጋግጫለሁ።

ጋሽ ኮቺቶ ቤቴ የመጡት ከዚያ በፊት፣ በምረቃው ማግስት እሑድ ነው። ካርቶኖቹን አዩ።

«ወዴት ነው?»

«አዲስ አበባ ተዛውሬያለሁ።»

«ምስክር አይሄድም።»

«የምን ምስክር?»

«ንብ ሲገባ ያየ ሰው ማሩ እስኪቆረጥ ከአገር አይወጣም። ነገ አንዱ ተነሥቶ አልገባም ቢል ማን ይናገራል? ሌላው ሁሉ ሮጧል። አድማሱ ሹም ነው፣ እኔ ባለ ቀፎ ነኝ፣ ልጅቷ ባለ ሥዕል ናት። ገለልተኛ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ይህ የካፋ ልማድ ይሁን የጋሽ ኮቺቶ ፈጠራ እስካሁን አላረጋገጥኩም። የጠየቅኳቸው ሽማግሌዎች ግማሾቹ ሳቁ፤ ግማሾቹ፣ «እርሳቸው ካሉ» አሉ። እኔ ግን በዐሥር ዓመት ውስጥ ብዙ ነገር ሲመረቅ አይቻለሁ፤ ስለ አንዱም ተመልሶ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የተመረቀው ሁሉ የእኔ ምስክርነት ሳያስፈልገው ይመረቅ ነበር። ያልተመረቀው ግን ፈለገኝ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ሕይወቴን የለወጠው ንብ ነው ስል ማጋነን እንዳይመስላችሁ፤ የተለወጠውን ብቻ ልንገራችሁ። ዝውውሬን ተውኩ። ካርቶኖቹን ፈታሁ፤ ሁለት ብርጭቆ ተሰብሮ አገኘሁ። «በድምቀት» የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ ዜና ውስጥ አልጻፍኩም። ምረቃ ላይ ስጠራ ንግግሩ ሲያልቅ አልነሣም፤ ወንበሩ እስኪሰበሰብ፣ ባነሩ እስኪወርድ ቆይቼ ከኋላው የነበረውን አያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው ግድግዳ ነው። አንዳንዴ አይደለም፤ በእናንተም ከተማ ባነር የተሸፈነ ነገር ካለ ዞር ብላችሁ እዩት።

ናትናኤል አሁንም በየወሩ ይደውላል፤ ሪፖርቱ እንደተከፈተ ነው። ትዕግሥት ዐሥረኛውን ቀፎ እየሣለች ነው። በሥዕሉ ላይ ክቡራን እንግዶች መንገድ ሲሻገሩ ይታያል፤ አቶ አድማሱ መጥተው አይተውት የራሳቸው ሱፍ ጥቁር እንጂ ሰማያዊ እንዳልነበረ ነግረዋታል። አርማዋለች። የሦስተኛው ቀፎ ማር በሰኔ ተቆረጠ። እኔም ነበርኩ፤ ለምስክር የሚሰጠውን ድርሻ ወስጃለሁ። መሄድ ስችል አልሄድኩም።

ትናንት ጠዋት በዋንዛው ሥር አልፌ ነበር። ስድስት ሰዎች የዋጫን መኪና ይጠብቃሉ። ሪባኑ በፀሐይና በዝናብ ነጥቷል፤ ከግንዱ እስከ ግቢው በር እንደተወጠረ ነው፤ ወደ ቢሮ የሚገቡት ሰዎች ጎንበስ ብለው በሥሩ ያልፋሉ።